አዋሽን ሄዶ ማየት የሚገባን ስለ ምንድር ነው

ያላዩት አገር አይናፍቅም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለመንገደኛ ብቻ የተነገረ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ምሥጢሩን ጠልቀው ቢመረምሩት ለሀገር አስተዳዳሪም ለመንፈስ አባትም ትልቅ ትምህርት ያለበት ነገር ነው። ሰው ያላየውን አይናፍቅምና፤ ያልናፈቀውንም አይጠብቅም፤ ያልጠበቀውም ነገር አንድ ቀን ከእጁ ወጥቶ ሲጠፋ፥ መቼ እንደ ጠፋ ስንኳ ለማወቅ አይችልም። ዛሬ ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የሚገኘውን ይህን ስፍራ፥ ብዙዎቻችን በመካከሉ እያለፍን ሳናየው እንኖራለንና።

በመካከሉ እያለፍን ማለታችን እንዲያው ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ከዋና ከተማችን ወደ ድሬዳዋ፥ ወደ ሐረርና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ የሚሄደው ምእመን ሁሉ በዚያ መንገድ ይጓዛል። ለመንግሥት ሥራ ወደ ምሥራቅ የሚላከውም ሹም እንደዚሁ። ነገር ግን መስኮቱን ዘግቶ፥ ሙቀቱን እያማረረ፥ ቶሎ ባለፈልኝ እያለ የሚያልፍ መንገደኛ፥ ከመንገዱ ወጣ ብሎ በስተ ደቡብ ጥቂት ቢጓዝ ምን ለማየት እንደሚችል አያውቀውም።

ፓርኩ የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወሰኑም ተለይቶ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው በ1961 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በሀገራችን በሕግ ከታወጁት ብሔራዊ ፓርኮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሲቋቋም የተሰጠው ስፋት 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ምድሩ ቆላና ደረቅ፥ እሾኻም ግራር የበዛበት፥ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ነው። በበጋ ቀን ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በስተ ምዕራብ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ሰሜን ፍልውሃ የሚባሉት የሞቀ ውሃ ምንጮች በዘንባባ ዛፎች ተከበው ይፈልቃሉ፤ በስተ ደቡብም የአዋሽ ወንዝ ጥልቅ ገደል ቆፍሮ የፓርኩ ወሰን ሆኖ ይፈሳል።

ፏፏቴው የሚገኘው ወንዙ ወደዚህ ገደል በሚገባበት ስፍራ ነው። በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ውሃ የተጠማ በረሃ ሲሆን፥ አዋሽ በጥቁሩ ዓለት ላይ ብዙ መንታ እየሆነ ተከፋፍሎ በአንድነት ሲወድቅ፥ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ጉሙም እስከ አፋፉ ይወጣል። ይልቁንም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደጋው ዝናም ሲጠግብ፥ ውሃው እጅግ በርትቶ ይወርዳል። በረሃና ፏፏቴ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው አእምሮን የሚያስደንቅ ነገር ነው። መዝሙረኛው ዳዊት ፈጣሪ ምንጮችን ወደ ቆላ ልኮ የዱር አራዊትን እንደሚያጠጣ የዘመረውን በየዕለቱ የሚደግሙ ካህናት፥ ያን መዝሙር በዓይን ለማየት ቢፈልጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ስለ አራዊቱም ጥቂት እንናገር። ከሁሉ ይልቅ የፓርኩ መታወቂያ የሆነው ሳላ ነው። ሳላ ረጅምና ቀጥ ያለ ሁለት ቀንድ፥ በፊቱም ላይ ጥቁር ምልክት ያለው፥ መልኩ ግራጫ የሆነ ውብ እንስሳ ነው። የፀሐይን ትኩሳት ችሎ፥ ከሚበላው ሣርና ሥር በሚያገኘው እርጥበት ረክቶ፥ ብዙ ቀን ውሃ ሳይጠጣ ይቆያል። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ዘራቸው እንዳይጠፋ ከሚያሠጉት እንስሶች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ከእርሱም ጋራ የሜዳ ፍየል፥ አጋዘን፥ አምባራይሌ፥ እንሹ፥ ከርከሮና ሰጎን ይገኛሉ። በወንዙ አዞና ጉማሬ፥ በዱሩም ጅብ፥ ነብርና አንበሳ አሉ፤ ነገር ግን አንበሳን ለማየት የሚታደለው ጥቂት ሰው ነው። በፓርኩ የታዩት የወፍ ዓይነቶች ከ400 ይበልጣሉ።

በዚህ ስፍራ የዓለምን ሊቃውንት ለብዙ ዓመት ሲያስደንቅ የኖረ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከፏፏቴው በላይ ባለው ወገን ተራው ዝንጀሮ ይኖራል፤ ከፏፏቴው በታች ባለው ገደል ደግሞ ወንዱ እንደ ካባ የሚመስል ነጭ ጠጕር ያለው የበረሃ ዝንጀሮ ይኖራል። ሁለቱ ወገኖች በሚገናኙበት በፏፏቴው አካባቢ ተጋብተው የወለዱት ድብልቅ ዘር አለ። ይህነን ለመመርመር ከባሕር ማዶ እየመጡ ዕድሜያቸውን የሠዉ መምህራን ሲኖሩ፥ እኛ የሀገሩ ልጆች ዝንጀሮ ነው ብለን ማለፋችን የሚያሳዝን ነው።

ምድሩ ራሱም ሕይወት ያለው ያህል ነው። ከፈንታሌ ተራራ ሥር ከ200 ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ ረግቶ ዛሬም ጥቁር ሆኖ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ ከርማ፥ በታኅሣሥ ወር መናወጧ እጅግ ስለ በረታ፥ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገድ ተሰንጥቋል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቀዬውን ለቅቆ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዷል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አያመጣውም፤ አይመልሰውምም። ለሰው የተተወለት ሥራ የተጐዳውን መርዳትና በእጁ ያለውን መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ከፏፏቴው አፋፍ የቆመ ሰው ይህ ሁሉ ውሃ ከወዴት መጣ ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ ከገዛ ደጅህ መጣ የሚል ነው። አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ዋና ከተማችንን አቋርጠው የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች በአባ ሳሙኤል አልፈው ከእርሱ ይገባሉ፤ የሞጆም ወንዝ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ቆቃ ላይ የተሠራው ግድብ፥ ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ ጥፋት በከፈለችው የካሣ ገንዘብ የታነጸ ሲሆን፥ ውሃውን አከማችቶ ለኤሌክትሪክ ኃይል ያውለዋል። ከዚያ በኋላ ወንዙ በፏፏቴው ተወርውሮ፥ በገደሉ ተጉዞ፥ ወደ አፋር በረሃ ይወርድና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ፥ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ስለዚህ አዋሽ ሀገራችን የሠራችው ሥራ ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ነው። በአዲስ አበባ ወንዝ ዳር የተጣለው ቆሻሻ፥ በሞጆ ከቆዳ ፋብሪካዎች የወጣው እድፍ፥ በሸዋና በአርሲ ደጋ ያለ እርከን ከታረሰው ተዳፋት የታጠበው አፈር፥ ሁሉም በዚህ ወንዝ ይወርዳል። ጐብኚ በክረምት ፏፏቴው ቡናማ ሆኖ ሲወርድ አይቶ እንዴት ያምራል ብሎ ያደንቃል። ነገር ግን ያ ያማረው መልክ ከገበሬ ማሳ ተገፎ የሄደ ለም አፈር ነው። የቆቃም ግድብ በዚሁ ደለል ብዙ የውሃ ቦታውን አጥቷል። ሚኒስትርም ሆነ የወረዳ ሹም በፏፏቴው አጠገብ ለአንድ ሰዓት ቢቆም፥ በጽሕፈት ቤቱ ብዙ ወረቀት አንብቦ ያላገኘውን ዕውቀት ያገኛል የምንለው ስለዚህ ነው። አዋሽን መጐብኘት የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ሥራችንን ውጤት መመርመሪያም ነው።

በፓርኩ ዙሪያ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበበው ሄዷል። በስተ ምዕራብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ፥ 10 ሺህ ሄክታር ያህል የሚሆን የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለው። ለሀገር የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ቢሆንም መሬቱ ቀድሞ የከብትና የዱር አራዊት ማሰማሪያ ነበር። በአጠገቡ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃው ግጦሹን ውጦ፥ መኪና መንገዱንና የቀድሞውን የባቡር ሐዲድ ሲያስቸግር ኖሯል። በአፋር ወገን ከባሕር ማዶ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻም ዛፍ ሣሩን እያነቀ ይስፋፋል። በአውራ ጎዳናው ዳር በጆንያ ተሰልፎ የሚሸጠው ከሰልም የግራሩ ዕድሜ በየቀኑ እንደሚቈረጥ ይመሰክራል። በሌሊት የሚከንፉት ከባድ መኪናዎች ደግሞ መንገድ የሚሻገሩትን እንስሶች ይገድላሉ።

የጠፋውንም እንቍጠር። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቆርኬ ዘሩ በብዙ ስፍራ እንዲበዛ በማሰብ በ1966 ዓ.ም. ከሰንቀሌ ወደ አዋሽ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ስፍራ ሊጸና አልቻለም። የሜዳ አህያም ዛሬ በዚያ አገር የሚፈለገው ከፓርኩ ወጥቶ በአለይደጌ ሜዳ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በሀገራችን ፓርኮች ላይ የደረሰው ዘረፋና ግድያም አይረሳም። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ጠባቂው ሲሸሽ ፓርኩ የተዘረፈው፥ በዙሪያው ያለው ሕዝብ የእኔ ነው ብሎ እንዲቆምለት አስቀድሞ ስላልተደረገ አይደለምን?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ የማይወጣውን እውነት መናገር አለብን። ይህ ምድር ፓርክ ከመባሉ በፊት ባለቤት የሌለው ባዶ በረሃ አልነበረም። የከረዩና የኢቱ ኦሮሞ፥ የአፋርም ከብት አርቢዎች የሚኖሩበት አገር ነው። ከረዩዎች የገዳን ሥርዓት አጥብቀው ከሚጠብቁት ወገኖቻችን ናቸው። በዝናም ወራት ከብታቸውን ወደ ራቀው ሜዳ ይነዳሉ፤ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳሉ፤ ምድሪቱም በዚህ ፈረቃ ታርፍ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ግን የበጋው ማሰማሪያ ከፊሉ ለእርሻ፥ ከፊሉ ለፓርክ ሆነ። ከብት አርቢው ውሃውን በዓይኑ እያየ እንዳይጠጋ ተከለከለ። በድርቅ ዓመት ላሞቹ ሊያልቁበት የደረሰ አባወራ ወደ ፓርኩ ቢገባ፥ ሕግ የሚያፈርስ ወንበዴ ሆኖ ይቈጠራል፤ እርሱ ግን ወደ አባቱ መሬት የተመለሰ ይመስለዋል። በጠባቂና በአርቢ መካከል ደም የፈሰሰበትም ጊዜ ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች ከብት ይውጣ፥ ፓርኩ በብርቱ ዘበኛ ይጠበቅ ይላሉ። ሌሎችም ሰው እየተራበ ለሳላ ማዘን ምን ይጠቅማል ይላሉ። ሁለቱም ቃል ከግማሽ እውነት የተነሣ ነው። ግጦሹ በከብት ብዛት ካለቀ በመጀመሪያ ሳላው፥ በኋላ ላሙ፥ በመጨረሻም ሰውየው ይሰደዳልና፥ ፓርኩ የጠፋ እንደ ሆነ አርቢው አይጠቀምም። እንደዚሁም በዙሪያው ያለው ሕዝብ የሚጠላው ፓርክ በዘበኛ ብዛት ጸንቶ አይኖርም፤ የ1983 ዓ.ም. ነገር ምስክር ነው። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ፓርኩ የሚድነው ጐረቤቱ ከፓርኩ የሚጠቀምና ስለ ፓርኩ የሚመክር ሲሆን ነው።

ይህ አሳብ ለካህናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደርና በጎጃም፥ በሌላውም ደጋ፥ አገሩ ሁሉ ተመንጥሮ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ጥድና ወይራ እስከ ዛሬ የቆመው ወታደር ስለ ጠበቀው አይደለም። ሕዝቡ የእኔ ነው፥ የተቀደሰም ነው ብሎ ስላከበረው ነው። በአዋሽ የላይኛው ሸለቆ ትይዩ የቆመውን የዝቋላን ተራራ እንመልከት። ተራራው እንደ ፈንታሌ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ በራሱ ላይ ሐይቅ ተቀምጦበታል፤ በገዳሙ ዙሪያም ደን አለው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአናብስትና በአናምርት ተከበው መሣላቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚታይ ነው። ጻድቁን ከአራዊት ጋራ የሣለ ሕዝብ፥ አራዊት የሌሉበትን ምድር ለልጆቹ ቢያወርስ ሥዕሉ ይፈርድበታል። የከረዩና የአፋር ሽማግሌዎችም በየሃይማኖታቸውና በየባህላቸው ዛፍንና ውሃን የሚያከብሩበት ሥርዓት ስላላቸው፥ የደጋው ካህንና የቆላው ሽማግሌ በዚህ ነገር ቢነጋገሩ የሚግባቡ ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለን ሰው፥ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ስለ አዋሽ ሸለቆ ውሃና መሬት የሚወስኑ ሹማምንት ሁሉ ከመወሰናቸው በፊት ስፍራውን ሄደው ይዩ፤ ሲያዩም በመስከረም ብቻ አይሁን፤ ሣሩ ደርቆ አርቢው በሚጨነቅበት በበጋ ወራት ይሂዱ እንጂ። ካርታ ወሰንን ያሳያል፤ ጥማትን ግን አያሳይም። ሁለተኛ፥ የዱር እንስሳትን ጥበቃ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 በሥራ ሲተረጐም፥ ከጐብኚ ከሚገኘው ገንዘብ ለአካባቢው ሕዝብ የሚደርሰው ድርሻ በግልጥ ታውቆ ይሰጥ፤ ጠባቂዎችና መንገድ መሪዎችም በተቻለ መጠን ከዚያው አገር ልጆች ይመረጡ። ከፓርኩ ውጭ ለከብት የሚሆን የውሃ ጕድጓድ መቆፈር፥ ከዘበኛ ጠመንጃ ይልቅ ፓርኩን ይጠብቃል። በክፉ ድርቅ ዓመት ከብት በየትኛው ወገንና እስከ መቼ እንደሚገባ ከሽማግሌዎች ጋራ አስቀድሞ መዋዋል፥ በኋላ ከሚመጣው ጠብ ያድናል።

ሦስተኛ፥ የአዋሽ ጥበቃ ከመተሐራ የሚጀምር መስሎ የሚታየን ስሕተት ይቅር። ጥበቃው የሚጀምረው ከአቃቂ፥ ከሞጆና ከጊንጪ ነው። የፋብሪካ እድፍ ሳይጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ የሚከለክለው ሕግ የሚፈጸመው፥ የከተማ ሹም ፏፏቴው የእኔም ነው ያለ እንደ ሆነ ነው። በደጋው ያለ ካህን እርከን የሠራውንና ምንጭ የከለለውን ገበሬ በሕዝብ ፊት ቢመርቀው፥ ምርቃቱ በአፋር በረሃ ላለ ሰው ይደርሳል። አራተኛ፥ በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የመኪናዎች ፍጥነት በብርቱ ይወሰን፤ ይልቁንም በሌሊት።

ለጐብኚዎችም የምንመክረው አለ። አራዊትን ለማየት የሚፈልግ ሰው ማልዶ ወይም ወደ ማታ ይሂድ፤ በቀትር እንስሳው ሁሉ ጥላ ይዞ ይተኛልና። ያለ መሪ ከመኪና አይውረድ፤ ወደ ገደሉ አፋፍም አይጠጋ። ለዝንጀሮ እንጀራና ሙዝ መጣል ቸርነት አይደለም፤ እንስሳውን ሌባ አድርጎ ኋላ ለጥይት አሳልፎ መስጠት ነው። የውሃ መጠጫ ፕላስቲክ ጥሎ መሄድም፥ በሰው ቤት በልቶ ማዕዱን ማቆሸሽ ነው። ወደ ቁልቢ የሚሄዱት ምእመናንም በመንገዳቸው ይህን ቢያስቡ፥ ይልቁንም በሐምሌው በዓል ሲመለሱ ፏፏቴው በሚሞላበት ጊዜ ጐራ ብለው ቢያዩ፥ ጕዟቸው በምስጋና ላይ ምስጋና ይጨመርበታል። የትምህርት ቤት ሹማምንትም ተማሪዎችን በየዓመቱ ቢወስዱ፥ የሳላን መልክ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ አናፈራም።

አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። የተቀበለውን ሁሉ በሀገሩ ምድር ላይ አፍስሶ ያልቃል፤ ከደጋ የተሰጠው ንጹሕ ውሃ ቢሆን ንጹሕ ውሃ፥ እድፍም ቢሆን እድፍ ለገዛ ወገናችን ያደርሳል። ወደ ሌላ የምናሳብብበት አገር፥ ከእኛ በቀር የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ በሥልጣን ያሉት በሥልጣናቸው፥ በትምህርት ያሉት በትምህርታቸው፥ በክህነት ያሉትም በምክራቸው፥ ሄደው አይተው፥ አይተውም ናፍቀው፥ ይህን ስፍራ ከጐረቤቶቹ ጋራ ተባብረው እንዲጠብቁ አጥብቀን እናሳስባለን። ፏፏቴው ለሚመጣው ትውልድ ውሃ፥ ሳላውም ሣር እንዳያጣ፥ እግዚአብሔር ልቡናን ይስጠን።